የሰመጠው እግር፦ በከባድ የጉዞ ሞተር ሳይክል ላይ ሰፊ የማቆሚያ ጫማ መግጠም

ሞተር ሳይክሉ ሙሉ ነዳጅ ይዞ 372 ኪሎ ይመዝናል። ለረጅም ጉዞ የተሠራ ነው፤ ትልቅ የንፋስ መከላከያ፣ ሁለት የጎን ሳጥንና አንድ የኋላ ሳጥን አለው። በዕለቱ 40 ኪሎ ጓዝ ተጭኖበት፣ ፀሐይ በከረረችበት ሰዓት አስፋልት ላይ በጎን ማቆሚያው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ቆመ። ባለቤቱ ሲመለስ የማቆሚያው እግር 28 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ አስፋልቱ ገብቷል፤ ሞተሩም ከወትሮው በላይ ወደ ግራ ተጋድሟል። እንደ ልማዱ የግራውን መርገጫ ረግጦ ሊወጣ ሲል የማቆሚያው እግር ጨርሶ ሰመጠና ሞተሩ በጎን መከላከያ ብረቱና በግራ ሳጥኑ ላይ ተኛ። ጉዳቱ የተጫረ ሳጥንና የተጣመመ የክላች እጀታ ብቻ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል፦ ከእግሩ ሥር ሰፊ ጠፍጣፋ ብረት ማሰር። ይህን ጠፍጣፋ ከዚህ በኋላ «ጫማ» እንለዋለን፤ ፋብሪካው የሠራውን ጫፍ ደግሞ «እግር»። ባለቤቱ መጀመሪያ የገዛው ለሁሉም ሞተር ይሆናል የተባለ፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጫማ ችግሩን በሌላ ችግር ቀየረው። መስመጡ ቀረ፤ ሞተሩ ግን ቀጥ ብሎ መቆም ጀመረና ወደ ቀኝ ሊወድቅ ደረሰ። ጫማውም 600 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ላላ። ሁለተኛው ጫማ ከመሠራቱ በፊት ነገሩ ከሥሩ ተለካ።

ማቆሚያው ላይ የሚያርፈው ስንት ነው

ለመለካት 150 ኪሎ የሚችል የሰው ሚዛን ይበቃል። ሚዛኑ ከማቆሚያው እግር ሥር ይገባል፤ በሁለቱ ጎማዎች ሥር ደግሞ በውፍረት ከሚዛኑ ጋር እኩል የሆነ ሳንቃ ይደረጋል። ሳንቃው ከተረሳ ሞተሩ ቀጥ ስለሚል ንባቡ ከእውነተኛው ያንሳል። ፊተኛው ፍሬን በገመድ ይታሰራል፣ አንድ ሰው በቀኝ በኩል ቆሞ ይጠብቃል። የመዝመሙን ማዕዘን ለማወቅ ስልክ ላይ ያለው የማዕዘን መለኪያ በፍሬን ዲስኩ ላይ ተለጥፎ ይነበባል፤ ሳጥን ወይም ኮርቻ ላይ አይለካም፣ ቀጥ ያለ ገጽ የላቸውምና።

ባዶውን ሞተሩ 10 ዲግሪ ዘሞ ሚዛኑ 84 ኪሎ አነበበ። 40 ኪሎ ጓዝ ሲጫንበት ይጨምራል ተብሎ ሲጠበቅ 82 ሆነ። ምክንያቱ የኋላው ሞላ ነው። በጓዙ ክብደት ኋላው ሲወርድ የሞተሩ አካል ወደ መሬት ይቀርባል፤ የማቆሚያው ርዝመት ግን አይቀንስም፤ ስለዚህ ማቆሚያው «እንደረዘመ» ሆኖ ሞተሩን ወደ ቀጥታ ይገፋዋል። ማዕዘኑ 8.2 ዲግሪ ወርዶ ነበር። የኋላው ሞላ ለጓዝ በሚገባው መጠን ሲጠብቅ ማዕዘኑ ወደ 9.6 ተመለሰ፣ ሚዛኑም 95 ኪሎ አሳየ።

በዚህ ሞተር ከጎማዎቹ መስመር እስከ ማቆሚያው እግር ያለው የጎን ርቀት 30 ሳንቲ ሜትር ነው። እግሩ ሞላላ ሆኖ 5 በ4 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ስፋቱ 16 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። 95 ኪሎ በ16 ሲካፈል በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ወደ 6 ኪሎ ይደርሳል። ደረቅና ቀዝቃዛ አስፋልት ይህን ያለችግር ይሸከማል። ነገር ግን ለመንገድ የሚውለው ሬንጅ በተለምዶ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጀምሮ ይለሰልሳል፤ በጠራ ፀሐይ ደግሞ የጥቁር አስፋልት ገጽ ከ60 ሊያልፍ ይችላል። ሬንጅ ሲሞቅ እንደ ጠጣር ሳይሆን እንደ በጣም ወፍራም ማር ይሆናል። ለአምስት ደቂቃ የቆመ ሞተር ምንም ምልክት ሳይተው የሄደበት ቦታ ላይ፣ ሁለት ሰዓት የቆመው የሚሰምጠው ለዚህ ነው።

መስመጡ ደግሞ ራሱን ይመግባል። እግሩ 28 ሚሊ ሜትር ሲገባ ሞተሩ 5 ዲግሪ ያህል ተጨማሪ ዘሞ ወደ 15 ዲግሪ ይደርሳል። በዚያ ማዕዘን በማቆሚያው ላይ የሚያርፈው ክብደት 95 መሆኑ ቀርቶ ወደ 147 ኪሎ ያድጋል። ክብደቱ ሲጨምር ይበልጥ ይሰምጣል፣ ይበልጥ ሲሰምጥ ይበልጥ ይከብዳል። በዚህ ላይ 85 ኪሎ የሚመዝን ሰው የግራውን መርገጫ ረግጦ ሲወጣ፣ መርገጫው ራሱ ከጎማዎቹ መስመር 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ስላለ፣ ሌላ 100 ኪሎ ገደማ በቀጥታ ወደ ማቆሚያው ይወርዳል። ድምሩ ወደ 250 ኪሎ ነው፤ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ15 ኪሎ በላይ። ሞተሩን የጣለው ይህ የመጨረሻው እርምጃ ነው። ብዙ የአምራቾች መመሪያዎች ማቆሚያው ወርዶ ሳለ በላዩ ላይ መቀመጥን ወይም መርገጫ ላይ መቆምን የሚከለክሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰፊ ጫማም ይህን ክልከላ አይሽረውም።

አንድ ሚሊ ሜትር ስንት ያስከፍላል

የመጀመሪያው ጫማ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ጫማ ሲመረጥ ሁሉም የሚያየው ስፋቱን ነው፤ ውፍረቱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ማቆሚያው ከጎማዎቹ መስመር 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሲቆም፣ ከሥሩ የሚገባ እያንዳንዱ 1 ሚሊ ሜትር ከመዝመሙ 0.19 ዲግሪ ይቀንሳል። 12 ሚሊ ሜትር የሚወፍረው ጫማ እንግዲህ 2.3 ዲግሪ ወሰደ።

2.3 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ከ10 ላይ ሲነሳም ያስኬዳል። ነገር ግን ጓዝ ተጭኖ ሞላው ሳይጠብቅ ከቀረ ከ8.2 ላይ ነው የሚነሳው፤ 5.9 ይቀራል። መሬቱ ወደ ቀኝ 3 ዲግሪ ካዘነበለ ደግሞ፣ ይህም ብዙ የመንገድ ዳሮች ያላቸው ዓይነት ተዳፋት ነው፣ 2.9 ብቻ ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ሞተሩን በመሪው ከፍታ ከግራ ወደ ቀኝ ገፍቶ ለመጣል የሚያስፈልገው ኃይል 8 ኪሎ ገደማ ነው። በፋብሪካው እግር፣ ሞላው ጠብቆ፣ ደልዳላ መሬት ላይ ያስፈልግ የነበረው 27 ኪሎ ነበር። የንፋስ መከላከያውንና ሳጥኖቹን ጨምሮ የዚህ ሞተር የጎን ገጽ ከ1 ካሬ ሜትር ይበልጣል፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ከግራ የሚነፍስ ነፋስ በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ለመጣል የሚበቃ ነው። ባለቤቱ በጎን የሚያልፍ ከባድ መኪና ነፋስ ሞተሩን ሲያወዛውዘው ያየው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ጫማ ሲታሰብ የተያዘው ገደብ ይህ ሆነ፦ ሞላው ለጓዙ ጠብቆ፣ ደልዳላ መሬት ላይ፣ መዝመሙ ከ8 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ። ከ9.6 ላይ 1.6 ማውጣት ይቻላል፤ ይህም በጣም ቢበዛ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው። 5 ሚሊ ሜትር ተመረጠ። የሚወስደው 0.95 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ለዝቅታና ለተረሳ ሞላም ትርፍ ይተዋል። (ሞላው ተቆርጦ ወይም ተቀይሮ ዝቅ የተደረገ ሞተር ካለ ነገሩ ጭራሽ ይብሳል፤ ማቆሚያው ራሱ ካላጠረ በቀር ምንም ዓይነት ጫማ ሊጨመርበት አይገባም። በተቃራኒው ከፍ ያለ አሞርዛተር ለተገጠመለት ሞተር 10 ሚሊ ሜትር ጫማ ራሱ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።)

ጫማ ከመሠራቱ በፊት የተገኙት ሁለት ነገሮች

አንደኛው የማቆሚያው መጋጠሚያ ብሎን ነው። ማቆሚያው ወርዶ፣ ሞተሩ በመሃል ማቆሚያው ቆሞ ሳለ፣ እግሩ በእጅ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ሲነቃነቅ 6 ሚሊ ሜትር ይጫወት ነበር። ከላይ መጋጠሚያው ላይ ያለች ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ወደ ታች ስትወርድ ይህን ያህል ትሆናለች። ብሎኑ ወጥቶ ጸድቶ፣ ያለቀው ቡሽ (ብሎኑን የሚያቅፈው ቀለበት) ተቀይሮ፣ ግራሶ ተቀብቶ ሲገጠም ጨዋታው ወደ 2 ሚሊ ሜትር ወረደ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ይህ ጥገና ከማዕዘኑ ልኬት በፊት መሆን አለበት። ጨዋታ ያለው ማቆሚያ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ስለሚከፈት ሞተሩን ይበልጥ ያዘመዋል፤ ሲጠገን ትንሽ ቀጥ ይላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ማዕዘኖች ከጥገናው በኋላ የተወሰዱ ናቸው።

ሁለተኛው የእግሩ የታችኛው ገጽ ነው። ከሩቅ ጠፍጣፋ ይመስላል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ሲደረግበት ግን የውጩና የፊቱ ጠርዝ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ተበልቷል፤ ሞተሩ ቆሞ ሳለ በማቆሚያው ላይ እየተሽከረከረ አቅጣጫ ሲዞር የኖረ ሞተር ሁሉ ይህ ምልክት አለው። የመጀመሪያው ጫማ የተነቃነቀው በከፊል በዚህ ነው። ጎበጥ ያለ እግር ላይ የታሰረ ጠፍጣፋ ነገር፣ ብሎኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ፣ በጭነት ሥር ይወዛወዛል፤ ወዝዋዜውም ብሎኑን ይፈታል። እግሩ በሞረድ አልተስተካከለም፤ ብረቱ እንዳይሳሳ። ይልቁን ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ተነስቶ፣ በአልኮል ጸድቶ፣ ባለ ሁለት ክፍል የብረት ማጣበቂያ ተሞላና ከመድረቁ በፊት ዘይት በተቀባ ብርጭቆ ላይ ተጭኖ እንዲደርቅ ተደረገ። ብርጭቆው ዘይት ስለያዘ አይጣበቅም፤ ገጹም ልክ እንደ መስታወት ቀጥ ይላል። 24 ሰዓት ሳይሞላ ጭነት አልተደረገበትም።

ቅርጹን በካርቶን መፈለግ

ብረት ከመቆረጡ በፊት ከወፍራም ካርቶን 110 በ90 ሚሊ ሜትር ተቆርጦ በእግሩ ላይ በፕላስተር ተለጠፈ። ከዚያ ማቆሚያው ቀስ ተብሎ ይታጠፋል። የካርቶኑ የኋላ ውስጠኛ ጥግ የመሃል ማቆሚያውን መርገጫ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነካ፤ የላዩ ጠርዝ ደግሞ ወደ ማርሚታው 6 ሚሊ ሜትር ቀረበ። ሁለቱም ሞተሩ ቆሞ የተገኙ ናቸው፤ ጉድጓድ ላይ ማቆሚያው ሲዘል ክፍተቱ ከዚህም ያንሳል። ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር እስኪገኝ ጥጉ ተቆረጠ።

ሌላው ፈተና የመታጠፊያ ነው። ሞተሩ በግራ መታጠፊያ ላይ ሲጋደም መጀመሪያ መሬት መንካት ያለበት የሚተጣጠፈው መርገጫ ነው፤ እሱ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ድምፅም ይሰጣል። ጫማው ቀድሞ ከነካ ግን አይታጠፍም፤ ጎማውን ከመሬት ሊያነሳ ይችላል። ለማረጋገጥ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ማቆሚያው ታጥፎ፣ ክር ከጎማው ጠርዝ መሬት ከሚነካበት አንስቶ እስከ መርገጫው ጫፍ ይወጠራል። የጫማው ማንኛውም ክፍል ከክሩ ወደ ውስጥ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። ክሩ ከፊተኛውም ከኋለኛውም ጎማ ይሞከራል፤ በዚህ ሞተር የኋላው ጠባብ ሆኖ ተገኝቶ ካርቶኑ ከውጭ በኩል 8 ሚሊ ሜትር ተቀነሰ።

መጨረሻ ላይ የቀረው ቅርጽ 95 በ80 ሚሊ ሜትር፣ ጥጎቹ ክብ፣ ስፋቱ ወደ 60 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ነገር እዚህ ላይ መታለፍ የለበትም። ጫማውን ወደ ውጭ ብቻ ማስረዘም ማራኪ ነው፤ ሰፊ መሠረት የሚሰጥ ይመስላል። ለስላሳ መሬት ላይ ግን ክብደቱ በማቆሚያው ዘንግ በኩል ስለሚወርድ፣ ዘንጉ ከጫማው መሃል ከራቀ ጫማው በአጭሩ ጎን እንደ ማንኪያ ይቆፍራል። ዘንጉ የሚያርፍበት ነጥብ ከጫማው መሃል ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይርቅ ተደርጓል።

ቁሱና ማሰሪያው

በጫማው ጠርዝ ሥር ድንጋይ ቢገባ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ውፍረቱንና የብረቱን ዓይነት ይወስናል። ጠርዙ ከእግሩ 25 ሚሊ ሜትር ወጥቶ፣ 100 ኪሎው ሁሉ በዚያ ጫፍ ላይ በ4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢያርፍ፣ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ጠፍጣፋ ውስጥ 147 ሜጋ ፓስካል ገደማ ውጥረት ይፈጠራል። 6082 ቲ6 የሚባለው አሉሚኒየም እስከ 250 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ሳይታጠፍ ይቆያል፤ ስለዚህ ይችለዋል። 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ውጥረቱ ወደ 400 ይወጣል፤ ይታጠፋል። ተራ ለስላሳ ብረት በ4 ሚሊ ሜትር 230 ላይ ይደርሳል፤ ያ ለሱ የመጨረሻው አፋፍ ነው፣ ክብደቱም በእጥፍ ይበልጣል። ቆርቆሮ የሚሠራበት ለስላሳ አሉሚኒየም ደግሞ በ5 ሚሊ ሜትርም አያዋጣም። «አሉሚኒየም ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም።

ጫማውን በብየዳ መግጠም ቀርቧል፤ ተቀባይነት አላገኘም። ማቆሚያው ከምን እንደተሠራ ሳይታወቅ መበየድ ብረቱን ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል፤ ሙቀቱም የማቆሚያውን ሞላ ያደክማል፤ ባትሪው ሳይነቀል ከተበየደ የሞተሩ ኮምፒዩተር ሊቃጠል ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስህተት ቢገኝ መመለሻ የለውም።

የተመረጠው አሠራር የፋብሪካውን እግር ሳይበሱ ከላይና ከታች መንከስ ነው። ከሥር ባለ 5 ሚሊ ሜትሩ ጠፍጣፋ አለ። ከላይ ሁለት መንጋጋዎች አሉ፤ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ እያንዳንዱ 10 ሚሊ ሜትር ወፍራም ሆኖ የእግሩን ጠርዝ በከንፈሩ ይይዛል። አራት ኤም5 (5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው) ብሎኖች ከሥር ገብተው መንጋጋዎቹ ውስጥ በተቆረጠው ጥርስ ይጠብቃሉ። ብሎኖቹ ራሳቸው ጠፍጣፋና ወደ ውስጥ የሚሰምጥ፣ በ3 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) የሚጠብቁ፣ 14 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው የማይዝግ ብረት ናቸው። በዚህ ዓይነት ብሎን ርዝመቱ ራሱንም ይጨምራል፤ 5 ሚሊ ሜትሩ ጠፍጣፋው ውስጥ ሲቀር 9 ሚሊ ሜትር ጥርስ መንጋጋው ውስጥ ይገባል። አሉሚኒየም ላይ ጥርስ ሲቆረጥ የሚያስፈልገው ከብሎኑ ውፍረት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ነው፤ የተገኘው 1.8 ነው። ለኤም5 ቀዳዳው በ4.2 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይበሳል። በ4.5 ከተበሳ ጥርሱ ቀጭን ሆኖ በመጀመሪያው ማጥበቅ ይላጣል።

የዚህ ሥራ ምስጢር ያለው አንዲት ክፍተት ላይ ነው። የፋብሪካው እግር ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ነው። የመንጋጋው ከንፈር የሚተወው ቦታ ግን 5.6 ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ስለዚህ ሁሉም ነገር በእጅ ሲገጣጠም በመንጋጋውና በጠፍጣፋው መካከል 0.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይታያል፤ ብሎኖቹ ሲጠብቁ ኃይሉ ሁሉ እግሩን ለመንከስ ይውላል። የመጀመሪያው ጫማ ላይ ይህ ክፍተት አልነበረም። መንጋጋው ጠፍጣፋው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ብሎኖቹ ጠብቀዋል፣ እግሩን ግን ማንም አልያዘውም። ለሁሉም ይሆናል የሚባል ጫማ ላይ ይህ ሊያጋጥም የሚችል ጉድለት ነው። የወረቀት ቁራጭ በክፍተቱ ውስጥ አስገብቶ ማየት ብቻ ይበቃል፤ ካላለፈ ጫማው አልነከሰም።

አንዳንዶች መሃል ላይ ቀጭን ላስቲክ ያስገባሉ፣ ቀለሙን ለመጠበቅና ድምፅ ለመቀነስ። ባይደረግ ይሻላል። ላስቲክ በጭነት ሥር እየተጨመቀ ይሄዳል፤ የብሎኑ ውጥረትም አብሮት ይጠፋል። አሉሚኒየምና ብረት እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ እንደሚበላ እውነት ነው፤ ለዚያ መልሱ ላስቲክ ሳይሆን በሁለቱም ገጽ ላይ ቀጭን የኢፖክሲ ቀለም ቀብቶ ማድረቅ ነው።

መግጠም

ሞተሩ በመሃል ማቆሚያው ይቆማል፤ የጎን ማቆሚያው ይወርዳል። እግሩ፣ ብሎኖቹና ጥርሶቹ በአልኮል ይጸዳሉ፤ ጥርስ ሲቆረጥ የተደረገው ዘይት ቀዳዳው ውስጥ መቅረት የለበትም። መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ሰማያዊው የብሎን ማጣበቂያ በእያንዳንዱ ብሎን ላይ አንድ ጠብታ ይደረጋል። ቀዩ አይደረግም፤ ያለ እሳት አይፈታም፣ የ3 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ ራስም ከመፍታቱ በፊት ይበላል። ብሎኖቹ በአቋራጭ፣ መጀመሪያ በ3 ኒውተን ሜትር ከዚያ በ5፣ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ይጠብቃሉ። በእጅ ግምት የሚያጠብቅ ሰው ኤም5 ብሎንን በቀላሉ 10 ያደርሰዋል፤ አሉሚኒየሙ ጥርስ እዚያ ላይ ነው የሚላጠው። ማጣበቂያው ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት 24 ሰዓት ይፈልጋል።

የጫማው ሙሉ ክብደት 150 ግራም ያህል ነው። ማቆሚያውን ወደ ላይ የሚይዙት ሞላዎች ይህን ይችሉ እንደሆነ ለማወቅ የታጠፈው ማቆሚያ በዕቃ ሚዛን ወደ ታች ተሳበ፤ መከፈት የጀመረው ከ4 ኪሎ በላይ ሲደርስ ነው። ጉድጓድ ላይ የመሬት ስበቱን አምስት እጥፍ የሚያክል ንዝረት ቢመጣ 150 ግራሙ የሚጨምረው 0.75 ኪሎ ብቻ ነው፤ ሞላው በሰላም ይይዘዋል። ከዚያ በማቆሚያው ማረፊያ ላስቲክ ላይ ጠመኔ ተቀብቶ 20 ኪሎ ሜትር ሻካራ መንገድ ተነዳ። ጠመኔው አንድ የጠራ አሻራ ብቻ ይዞ ከተገኘ ማቆሚያው አልዘለለም ማለት ነው፤ ከተደመሰሰ ዘሏል። በመጨረሻም ሞተሩ ተነስቶ፣ ማቆሚያው ታጥፎ፣ ማርሽ ይገባል። ሞተሩ ከጠፋ ጫማው የሆነ ቦታ ነክቶ ማቆሚያው እስከ መጨረሻው እንዳይታጠፍ ከልክሎታል፤ የማቆሚያው ማብሪያ ማጥፊያ ይህን ቀድሞ ይናገራል።

የተገኘው ውጤት

ጓዝ ተጭኖ፣ ሞላው ጠብቆ፣ መዝመሙ 8.7 ዲግሪ ሆነ፤ ከተሰላው 8.65 ጋር ለዓይን አይለይም። ሚዛኑ 86 ኪሎ አነበበ። 86 በ60 ሲካፈል በካሬ ሳንቲ ሜትር 1.4 ኪሎ ነው፤ ከቀድሞው 6 ሩብ እንኳ አይሞላም። በዚያው አስፋልት ላይ፣ በተመሳሳይ ሙቀት፣ ለሁለት ሰዓት ተኩል ቆሞ የጫማው አሻራ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ነበረው። መሬቱ ወደ ቀኝ 3 ዲግሪ ሲያዘነብል ሞተሩን ለመጣል በመሪው ከፍታ 16 ኪሎ ያህል ያስፈልጋል። ይህ ብዙ አይደለም፤ ኃይለኛ ነፋስ ባለበት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መሃል ማቆሚያውን መጠቀም ወይም ሞተሩን አዙሮ ማቆም አሁንም ያስፈልጋል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፊቱን ወደ ዳገቱ አዙሮ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ማቆም፤ ማቆሚያው ወደ ኋላ የሚታጠፍ ስለሆነ ሞተሩ ወደ ፊት ሲንሸራተት ይዘጋል።

ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ በተደረገው ፍተሻ ከአራቱ ብሎኖች አንዱ ሩብ ዙር ዞሯል። በብሎኑ ራስና በጠፍጣፋው ላይ በቀለም የተሰመረው መስመር ባይኖር አይታወቅም ነበር። ሲወጣ ማጣበቂያው አልደረቀም፤ ቀዳዳው ሥር የቀረ የመቁረጫ ዘይት ነበር። ቀዳዳው በአልኮልና በጥጥ በደንብ ተጠርጎ፣ በአዲስ ብሎን ተተካ፤ በ3,000 ኪሎ ሜትር ሁሉም መስመሮች በቦታቸው ተገኙ።

ጫማው የማይፈታቸው ነገሮችም አሉ። ልቅ አሸዋና ዝናብ ያራሰው ሣር በ60 ካሬ ሳንቲ ሜትር አይረቱም፤ ለዚያ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በክር ታስሮ ከመሪው የሚንጠለጠል ሳንቃ ሳጥኑ ውስጥ ይኖራል። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው በደረቅ መሬት ላይ መጠቀም ያንኑ 2.3 ዲግሪ ይወስዳል፤ ስለዚህ መሬቱ በእርግጥ ለስላሳ ካልሆነ አይወጣም። በጭቃ መንገድ ላይ ደግሞ ጫማው ጭቃ ወደ ላይ ይረጫል፤ ጭቃው በማቆሚያው መጋጠሚያ ዙሪያ ሲደርቅ ማብሪያ ማጥፊያውን ይይዘዋል። ባለቤቱ ከእንዲህ ያለ ቀን በኋላ መጋጠሚያውን በውኃ ያጥባል፣ ሲደርቅ ግራሶ ያድሳል፣ አራቱን የቀለም መስመሮች ደግሞ ጎማ ሲነፋ አብሮ ያያል።